ባለቤቱ ያልታወቀ ፎቶግራፍ

ልጆች ሆይ፥ በሙሴ ሕግ ውስጥ ስለ ጠፋ ከብት የተሰጠ አንድ ትእዛዝ አለ። ሰው የወንድሙን በሬ ወይም በግ ባዝኖ ቢያገኘው አይቶ እንዳላየ ሆኖ እንዳያልፍ ታዝዟል። ባለቤቱን የሚያውቅ እንደ ሆነ ይመልስለታል። ባለቤቱን የማያውቅ እንደ ሆነ ግን ወደ ቤቱ አስገብቶ ፈላጊው እስኪመጣ ድረስ ይጠብቅለታል፤ በመጣም ጊዜ ያስረክበዋል። ሕጉም በከብት ብቻ አይቆምም፤ ለልብስና ከሰው እጅ ለጠፋ ለማናቸውም ነገር ሁሉ ይሠራል።

ዛሬ የምንማረው ስለ አንድ ዓይነት የጠፋ ነገር ነው። ይህ ነገር እንደ በግ አይጮኽም፥ እንደ በሬ ሣር አይበላም፥ ወደ ገበያ ቢያወጡትም የሚገዛው የለም። ለባለቤቱ ግን ከበሬ ይልቅ ይከብራል። እርሱም የማን እንደ ሆነ ያልታወቀ የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ ነው።

፩ ፎቶግራፍ ከባለቤቱ እንዴት ይለያል?

ፎቶግራፍ የማንሣት ጥበብ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1839 ዓመት በፈረንሳይ አገር ለሕዝብ ተገለጠ። በአገራችን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ቤድሮስ ቦያጅያን የሚባል አርመናዊ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበረ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም የአባታቸውን ሥራ ወረሱ። በዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ መነሣት የነገሥታትና የመኳንንት ነገር ነበር። ኋላ ግን ፎቶ ቤት በየከተማው በተከፈተ ጊዜ ገበሬውም፥ ተማሪውም፥ ሙሽራይቱም፥ ወታደሩም መልካቸውን በወረቀት ላይ አስቀርተው ለዘመዶቻቸው መስጠት ጀመሩ።

የኢሉባቦር ከተሞች ሰው የሚመጣባቸውና ሰው የሚሄድባቸው ከተሞች ናቸው። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተደረገው ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቆም ተፈቀደ፤ ጣቢያውም በጋምቤላ ቆመ። ከዚህ በኋላ በክረምት ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ እየመጣ የጎሬን ቡና ወደ ሱዳን ያወርድ፥ ጨውና ጨርቅም ያመጣ ነበር። በጎሬም የግሪክ፥ የአርመንና የሶርያ ነጋዴዎች ተቀመጡ። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት እጅ በወደቀች ጊዜ ልዑል ራስ እምሩ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው በጎሬ ተቀመጡ። በኅዳር 1929 ዓ.ም. ጠላት ጎሬን ያዘ፤ በታኅሣሥም ልዑልነታቸው ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተወሰዱ። ከብዙ ዘመን በኋላም፥ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1978፥ የክፍለ ሀገሩ መቀመጫ ከጎሬ ወደ መቱ ሲዛወር መሥሪያ ቤቱም፥ ጸሓፊውም፥ ቤተ ሰቡም ዕቃውን ጭኖ ተነሣ።

በሌላም ጊዜ መከራ ሰውን ከቤቱ አንቀሳቅሶታል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በነበረው ሽብር ብዙ ቤተ ሰቦች ከፍርሃት የተነሣ መጽሐፋቸውንና ፎቶግራፋቸውን በገዛ እጃቸው አቃጠሉ፥ ቀበሩም። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ በሆነ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ከወሎና ከትግራይ ተነሥቶ በኢሉባቦርና በሌሎች የምዕራብ አገሮች ሰፈረ፤ ወንድም ከወንድሙ፥ ልጅም ከእናቱ ተለየ። ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር አንድ ነገር ወደ ኋላ ይቀራል፤ የሚቀረውም ብዙ ጊዜ ወረቀት ነው።

ሰው ያላጠፋውን ደግሞ ዝናብ ያጠፋዋል። በጎሬ በአንድ ዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይዘንባል። የአሮጌ ፎቶግራፍ ፊቱ ከእንስሳ አጥንትና ቆዳ በሚወጣ ቀጭን ሙጫ የተለበጠ ነው፤ ሥዕሉም በዚህ ሙጫ ውስጥ ባለ በደቀቀ ብር የተሠራ ነው። ሙጫ እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል፥ ይለሰልሳል፤ ከጎረቤቱ ወረቀት ወይም ከመስተዋቱ ጋር ይጣበቃል፤ ሻጋታም ይመገበዋል። እንግዲህ በእኛ አገር ፎቶግራፍን መጠበቅ በደረቅ አገር ከመጠበቅ ይልቅ ትጋት ይፈልጋል።

፪ የብስኩት ቆርቆሮው

አሁን በእኔ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ነገሩ ለእኔ ምስጋና የሚሆን አይደለም፤ ነገር ግን ከመምህር ስሕተት የሚማር ተማሪ ብልህ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመቱ ከተማ አንድ አሮጌ ቤት ይፈርስ ነበር። ቤቱ ቀድሞ ፎቶ ቤት ነበረ፤ ባለቤቱ ግን ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሠራተኞቹ ከጣራው ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አግኝተው፥ «መምህር፥ ለተማሪዎች የሚሆን ነገር ቢገኝበት» ብለው አመጡልኝ። ስከፍተው 31 ፎቶግራፎች ነበሩበት። ሰዎች ተነሥተው፥ ዋጋቸውንም ከፍለው፥ ተመልሰው ሳይወስዷቸው የቀሩ ናቸው።

ከእነርሱ አንዱ ልቤን ያዘው። አንድ ወጣት የወታደር ልብስ ለብሶ ቆሟል፤ በአጠገቡም 7 ዓመት የሚሆናት ሕፃን እጇን በወንበር ላይ አኑራ ቆማለች። በጀርባው በእርሳስ «ለእማማ» ተብሎ ተጽፏል። ከጽሕፈቱም በታች ማኅተም ነበረ፤ ነገር ግን ሻጋታ ስለ ሸፈነው ለማንበብ አልደከምሁም። ይህን ልብ በሉ፥ ኋላ እንመለስበታለንና።

እሑድ ከጸሎት በኋላ ፎቶግራፉን ለአንድ ሽማግሌ አሳየሁ። እርሳቸውም ወደ ብርሃን አዙረው ብዙ ከተመለከቱት በኋላ፥ «በሁሩሙ መንገድ አንዲት ባልቴት አሉ። ልጃቸው በብሔራዊ ውትድርና ሄዶ አልተመለሰም። እርሱን ይመስላል» አሉኝ። ሽማግሌው «ይመስላል» አሉ እንጂ «ነው» አላሉም። እኔ ግን ወደ ባልቴቲቱ ቤት እስክደርስ ድረስ በመንገድ ላይ ቃሉን ለወጥሁት።

ባልቴቲቱ ዕድሜያቸው ከ80 ዓመት ያለፈ፥ ዓይናቸውም በሞራ የተጋረደ ነበር። «አዴ፥ የልጅዎን ፎቶግራፍ አመጣሁልዎ» አልኋቸው። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው በጣታቸው ዳሰሱት፤ በጉንጫቸውም ላይ አኖሩት። «የለበሰው የወታደር ልብስ ነውን?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎን» አልሁ። «በአጠገቡስ ማን አለ?» አሉኝ። «አንዲት ሕፃን አለች፤ የጓደኛው እኅት ናት» አልሁ። ይህንም ማንም አልነገረኝም፤ ከራሴ አውጥቼ ተናገርሁት እንጂ። አንዱ ግምት ሌላውን ግምት ይወልዳልና።

ባልቴቲቱ ፎቶግራፉን በግድግዳቸው ላይ ሰቀሉት። የነበረቻቸውንም አንዲት ጊደር ሸጠው ለልጃቸው የመታሰቢያ ድግስ አደረጉ፥ ድሆችንም አበሉ። እኔ ከሽማግሌዎች ጋር በክብር ቦታ ተቀምጬ ተመረቅሁ። በልቤም «በጎ ሥራ ሠራሁ» እያልሁ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

ከ3 ወር በኋላ የባልቴቲቱ ወንድም ከበደሌ እኅታቸውን ሊጠይቁ መጡ። ግድግዳውንም አይተው፥ «ይህ ማን ነው?» አሉ። የእኅታቸው ልጅ በሕፃንነቱ ምድጃ ላይ ወድቆ በግንባሩ ላይ ትልቅ የእሳት ጠባሳ ነበረበት፤ በፎቶግራፉ ያለው ወጣት ግን ግንባሩ ምንም ምልክት የለበትም። ተጠርቼ ሄድሁ። ፎቶግራፉን አውርጄ በጀርባው ያለውን ሻጋታ በደረቅና በለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብዬ ስጠርገው የማኅተሙ ዓመት ታየ፤ 1981 ይላል። የባልቴቲቱ ልጅ የሄደው በ1977 ዓ.ም. ነበር፤ ከዚያም ወዲያ በመቱም ሆነ በሌላ ስፍራ ያየው ሰው አልነበረም። የጥቂት ደቂቃ ትዕግሥት ቢኖረኝ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይህን ባወቅሁ ነበር።

በባልቴቲቱ ፊት ተንበርክኬ በደሌን ተናገርሁ። የጊደሪቱንም ዋጋ እመልሳለሁ አልሁ። እርሳቸው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያም በኦሮምኛ እንዲህ አሉኝ፤ «የጊደሪቱን ነገር ተወው፥ ድሆች በልተዋታል። እኔ ግን ልጄ ሆይ፥ 3 ወር ሙሉ የሌላ ሴት ልጅ ስስም ኖርሁ። የወለደችው እናቱ አንድ ቀን እንኳ አልሳመችውም። ውሰድና ለእርስዋ ስጣት።»

፫ የማን አባት ነው?

በዚያ ኀፍረት ሳለሁ ቀድሞ ያነበብሁት አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ። በፈረንጅ አቆጣጠር በሐምሌ 1863 በአሜሪካ አገር ጌቲስበርግ በምትባል ከተማ ታላቅ ጦርነት ተደረገ። ከጦርነቱ በኋላ አንድ ወታደር ሞቶ ተገኘ። ማንነቱን የሚገልጥ ምንም ጽሕፈት አልነበረውም፤ በእጁ ግን የ3 ልጆችን ሥዕል፥ በመስተዋት ላይ የተነሣ ፎቶግራፍ፥ ይዞ ነበር።

ሥዕሉ በአንድ የፊላደልፊያ ሐኪም እጅ ገባ። በዚያን ዘመን ጋዜጣ ፎቶግራፍ ማተም አይችልም ነበር። ስለዚህ የልጆቹ መልክና ልብስ በቃል ተጽፎ በጥቅምት ወር በጋዜጣ ወጣ፤ ልጆቹ ስንት እንደ ሆኑ፥ ዕድሜያቸው ምን ያህል እንደሚመስል፥ የታላቁ ልጅ ሸሚዝና የእኅቱ ቀሚስ ከአንድ ዓይነት ጨርቅ እንደ ተሰፋ ይናገር ነበር። የጽሑፉም ርእስ የሟቹን ማንነት የሚጠይቅ ነበረ፤ የማን አባት ነበረ ይል ነበርና። ሌሎች ጋዜጦችም ይህንኑ ጽሑፍ ደግመው አወጡት። በኒው ዮርክ ግዛት ፖርትቪል በምትባል መንደር የምትኖር ፊሊንዳ ሂዩሚስተን የምትባል ሴት ቃሉን ሰምታ ደነገጠች፤ ለባልዋ እንዲህ ያለ ሥዕል ልካለት ነበርና። ግልባጩ ተልኮላት ባየችው ጊዜ የገዛ ልጆችዋ ሆኑ፤ የሞተውም ባልዋ አሞስ ሂዩሚስተን እንደ ሆነ ታወቀ። ሐኪሙም ዋናውን ሥዕል ራሱ ይዞ ወስዶ ሰጣት።

ከዚህ ታሪክ የተማርሁት ይህ ነው። ሐኪሙ ሥዕሉን ይዞ በየቤቱ እየሄደ «ይህ የአንቺ ነው» አላለም። ምልክቱን ተናግሮ ዝም አለ፤ ባለቤቲቱም በምልክቱ ዐወቀችው። እኔ ግን መልሱን በአፌ ይዤ ሄድሁ፤ ያዘነ ሰውም የሚመኘውን መልስ ሲነግሩት እምቢ ለማለት አይችልም።

፬ ቀሚሱ

ስለዚህ እኔም የፎቶግራፉን ምልክት በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍሁ፤ ፎቶግራፉን ግን ለማንም አላሳየሁም። በመቱ፥ በሁሩሙና በጎሬ ለየእድሩ ዳኛ እየሰጠሁ በስብሰባ ላይ እንዲነበብ ለመንሁ። ቃሉም እንዲህ ይል ነበር፤ «በ1981 ዓ.ም. በመቱ የተነሡ አንድ ወጣት ወታደርና አንዲት ሕፃን። ሕፃኒቱ ባለ አበባ ቀሚስ ለብሳለች፤ ቀሚሱም አጥሮ ኖሮ ከታች በሌላ ጨርቅ ተቀጥሏል። የሚያውቅ ሰው ቢኖር ቅጣዩ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ይናገር።»

ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ዕድሜዋ ወደ 40 ዓመት የሚሆን አንዲት ሴት ከጎሬ 25 ኪሎ ሜትር ያህል መጥታ በትምህርት ቤቱ በር ቆመች። ፎቶግራፉን ሳላሳያት፥ «ቅጣዩ ባለ መስመር ነው። አባቴ ሲሞት እናቴ ሸሚዙን ቀድዳ ቀሚሴን ቀጠለችበት» አለችኝ። ፎቶግራፉን አወጣሁ። ቅጣዩ ባለ መስመር ነበረ።

ሴቲቱ ፎቶግራፉን አልተቀበለችኝም፤ በመጀመሪያ ዝም ብላ አየችው። ኋላም እንዲህ ብላ ነገረችኝ፤ «ወንድሜ በፈቃድ መጥቶ ወደ መቱ ገበያ ወሰደኝ። ለእናታችን መታሰቢያ ይሁን ብሎ ፎቶ ተነሣን። በሳምንቱ ይደርሳል ተባልን፤ እርሱ ግን በማግሥቱ ተጠርቶ ሄደ፥ ከዚያም አልተመለሰም። እኔ ሕፃን ነበርሁና ፎቶ ቤቱ የት እንደ ሆነ ለመናገር አልቻልሁም። እናቴ ስታረጅ፥ መልኩ እየጠፋብኝ ነው እያለች ታለቅስ ነበር።»

«እናትዎ በሕይወት አሉን?» አልኋት።

«ካረፈች ገና 40 ቀኗ ነው» አለችኝ።

ልጆች ሆይ፥ በልቤ ቀኑን ቈጠርሁ። የዚያ ወጣት እናት በጎሬ በሞት አልጋ ላይ ሳሉ የልጃቸው መልክ በሁሩሙ መንገድ በሌላ ሰው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። በዚያ ያኖርሁት እኔ ነኝ። ክፉ ሳስብ አላኖርሁትም፤ ደግ ሳስብ፥ ነገር ግን ስቸኩል አኖርሁት። ሰው ክፋት ሳያስብ በችኰላ ብቻ ወንድሙን ሊበድል እንደሚችል የተረዳሁት በዚያ ቀን ነው።

የሆነውን ሁሉ ሳልደብቅ ለሴቲቱ ነገርኋት። ትቈጣኛለች ብዬ ነበር። እርስዋ ግን፥ «እናቴ ያልሳመችውን የሳሙለትን እናት አሳየኝ» አለችኝ። አብረን ሄድን። ባልቴቲቱ ቡና አፈሉ፤ ሁለቱም ብዙ ሳይናገሩ አብረው ጠጡ። ሴቲቱ ስትነሣ ባልቴቲቱ እጇን ይዘው፥ «እኔስ የልጄ መልክ የተነሣበት ወረቀት ከቶ የለኝም» አሏት።

በማግሥቱ ከተማሪዎቼ ጋር ወደ ባልቴቲቱ ቤት ተመልሰን የልጃቸውን ነገር ሁሉ ጠይቀን ጻፍን፤ ስሙን፥ የአባቱን ስም፥ የተወለደበትን ወራት፥ የግንባሩን ጠባሳ፥ በግራ እጁ ድንጋይ ይወረውር እንደ ነበረ፥ በስንት ዓመቱ እንደ ሄደ። ወረቀቱን አንብበንላቸው ከመዝሙር መጽሐፋቸው ውስጥ አኖሩት። ፎቶግራፍ የሌለውም ሰው ስምና ታሪክ አለውና።

፭ የጠፋ ፎቶግራፍ ሲገኝ ሊደረግ የሚገባው

ከዚህ ነገር በኋላ በትምህርት ቤታችን የምንጠብቀው ሥርዐት ይህ ነው። እናንተም ጠብቁት።

1ኛ። ከፊቱ በፊት ጀርባውን ተመልከቱ። ማኅተም፥ ቍጥር፥ ቀን፥ የሰጪና የተቀባይ ስም ብዙ ጊዜ በጀርባው ይገኛል። በሻጋታ የተሸፈነ ቢሆን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ፤ በውኃ አትንኩት። የተጣበቁትን ፎቶግራፎች በኀይል አታላቅቋቸው፤ ሙጫው ከወረቀቱ ሲላቀቅ ፊት የነበረው ሁሉ አብሮ ይነሣልና።

2ኛ። ከዚያ በኋላ ዙሪያውን መርምሩ። በስተ ኋላ የተሰቀለው መጋረጃ፥ ወንበሩ፥ ምንጣፉ በሌላ ፎቶግራፍ ላይ ቢገኝ ሁለቱ በአንድ ፎቶ ቤት እንደ ተነሡ ያመለክታል። ልብስ፥ ጫማ፥ የጠጕር አሠራር፥ የወታደር ምልክትም ዘመኑን ለማወቅ ይረዳሉ። ልብስ ግን ብቻውን አይታመንም፤ ሰው ፎቶግራፍ ለመነሣት ሲል ኮት ይዋሳልና።

3ኛ። ስትጠይቁ መልሱን በጥያቄው ውስጥ አታስገቡ። «ይህ እገሌ አይደለምን?» አትበሉ፤ «ይህን ሰው ያውቁታልን?» በሉ እንጂ። ሰዎችንም ለየብቻቸው ጠይቁ፤ በአንድ ላይ ቢሆኑ ፊተኛው የተናገረውን ኋለኛው ይደግመዋል። በሙሴ ሕግ ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክር አፍ እንዲጸና የታዘዘው በከንቱ አይደለም።

4ኛ። ማንም ያላየው አንድ ምልክት በእጃችሁ አስቀሩ። እውነተኛው ባለቤት ሳያይ ይናገረዋል።

5ኛ። የተነገረውን በተነገረበት ቃል ጻፉ። «ነው» ያለውን «ነው»፥ «ይመስላል» ያለውን «ይመስላል» ብላችሁ መዝግቡ፤ ማን እንደ ተናገረና በምን ቀን እንደ ተናገረም ጨምሩ። በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ ስለ ሙታን መልክም ይሠራል።

6ኛ። በፎቶግራፉ ጀርባ በዳር በኩል በለስላሳ እርሳስ ቀስ ብላችሁ ጻፉ። ቀለም ወደ ፊት ዘልቆ ያበላሻል፤ ጠንክሮ የተጫነ እርሳስም ፊቱን ያጐድፋል። ፎቶግራፉን በደረቅ የወረቀት ከረጢት አኑሩ እንጂ እርጥበት በሚይዝ በላስቲክ አትጠቅልሉ፤ ከምድጃ ጢስና ከፀሐይም አርቁት።

7ኛ። ዋናውን ለቅርብ ዘመድ ስጡ። በእጅ ስልክ ግልባጭ ለማስቀረት ብትፈልጉ አስቀድማችሁ ፈቃድ ለምኑ። የሰውን ኀዘን ሳያስፈቅዱ ለሕዝብ ማሳየት የጐረቤትን በር ሳያንኳኩ እንደ መግባት ነው።

፮ ሌሎችም እንዲሁ አድርገዋል

ይህ ሥራ የእኛ ብቻ አይደለም። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. በጃፓን አገር ታላቅ የምድር መናወጥ ሆነ፥ ባሕርም ወጥቶ ከተሞችን ጠራረገ። ውኃው በሸሸ ጊዜ በጭቃው ውስጥ ቍጥር የሌለው የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ ተገኘ። ያማሞቶ በምትባል በአንዲት ከተማ ብቻ 750,000 የሚያህል ፎቶግራፍ ተሰበሰበ። ፈቃደኞች ሰዎች አንድ በአንድ አጥበው፥ አድርቀው፥ ባለቤቶቹ መጥተው እንዲፈልጉ በሥርዐት ደረደሩት፤ ብዙውም ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። ቤቱን ያጣ ሰው ቤት ከመሥራቱ በፊት የእናቱን ሥዕል ሊፈልግ መምጣቱ ፎቶግራፍ ተራ ወረቀት እንዳልሆነ ያስተምራል።

በአገራችንም በፈረንጅ አቆጣጠር በ2018 የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ከየቤታቸው አልበም ያወጧቸው አሮጌ ፎቶግራፎች «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚባል መጽሐፍ ታትመዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው፥ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም የአሮጌ ፎቶግራፎች ክምችት አለው። በምዕራብ ኢትዮጵያ ያስተማሩና ያከሙ የአሜሪካ ሚስዮናውያንም የጻፉት ደብዳቤና ያነሡት ሥዕል ወደ አገራቸው ሄዶ ነበር፤ በፊላደልፊያ ያለው የፕሬስቢቴሪያን ታሪክ ማኅበር እንዲህ ያለውን የሚስዮን ጽሑፍና ፎቶግራፍ ይጠብቃል። እንግዲህ የቅድመ አያቱን መልክ የሚፈልግ ሰው በመቱ ሣጥን ውስጥ ቢያጣው በሩቅ አገር ሊያገኘው ይችላል። ነገር ግን በሩቅ ያለው መዝገብ ሊያውቀው የሚችለው ስሙ የተጻፈበትን ሰው ብቻ ነው።

፯ ማጠቃለያ

ከ31ዱ ፎቶግራፎች እስከ ዛሬ 9 ለባለቤቶቻቸው ተመልሰዋል። 22ቱ ገና በትምህርት ቤታችን ሣጥን ውስጥ አሉ። አንዳንድ ሰው፥ «ይህን ያህል ዘመን ያለፈውን ማን ይፈልገዋል? ጣሉት» ይለናል። እኛ ግን ባዝኖ ወደ ደጃችን የመጣ የሰው በሬ አንሸጥም፥ አናርድምም። ፈላጊው እስኪመጣ ድረስ እንጠብቀዋለን።

እናንተም ልጆች ሆይ፥ ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ በግድግዳ ላይ ወይም በመጽሐፍ ውስጥ ያለውን ፎቶግራፍ አውርዳችሁ ወደ አያታችሁ ውሰዱ። «ይህ ማን ነው? ይህችስ ማን ናት? መቼ ተነሡ?» ብላችሁ ጠይቁ። የምትሰሙትንም ጻፉ። አያታችሁ «አላውቅም» ቢሉ «አያውቁትም» ብላችሁ ጻፉ፥ አታፍሩበትም። የዛሬን ቀን ለነገ አታሳድሩ፤ ፎቶግራፉ ይቈያል፥ ስሙን የሚያውቀው ሰው ግን አይቈይም።

ጥያቄ

1. በሙሴ ሕግ ባለቤቱ ያልታወቀ ከብት ያገኘ ሰው ምን እንዲያደርግ ታዝዟል?
2. ሽማግሌው በተናገሩት ቃልና መምህሩ ለባልቴቲቱ በተናገረው ቃል መካከል ምን ልዩነት አለ?
3. በፎቶግራፉ ያለው ወጣት የባልቴቲቱ ልጅ እንዳልሆነ በምን በምን ታወቀ?
4. የፊላደልፊያው ሐኪም የሠራው ሥራ መምህሩ በመጀመሪያ ከሠራው በምን ይለያል?
5. መምህሩ ክፉ አላሰበም። ታዲያ በደለኛ ነውን? መልሳችሁን በምክንያት አስረዱ።
6. በቤታችሁ ካሉት ፎቶግራፎች አንዱን መርጣችሁ የሰዎቹን ስም፥ ቦታውንና ዘመኑን ጻፉ። ከምትጽፉት የትኛው «ነው»፥ የትኛውስ «ይመስላል» እንደ ሆነ ለዩ።